ከጉላሹ ጋር የተላከ

ሮም፣ መስከረም 2010

ውድ ጋሼ ብርሃነ መስቀል፣

ሰንበት ትምህርት ቤት ሲያስተምሩን፣ ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና፣ ቀጥሎ የአየር ጠባይ፣ ጉዳይ መጨረሻ ነው ይሉን ነበር። እንደ ትምህርትዎ ልሂድ። ስኳርዎ እንዴት ሆነ? ሮም ገና ትሞቃለች። አሎራ፣ እንግዲህ ወደ ጉዳዩ።

ይህን ደብዳቤ እርስዎ እንደማያነቡት አውቃለሁ። መነጽር ሰውን ያስረጃል ብለው ስለሚያምኑ የወንድምዎ ልጅ ምሥራቅ ታነብልዎታለች፤ ያውም ብቻዎን ሆነው አይደለም። አዲስ አበባ እንደገቡ እዚህ የቤተ ክርስቲያናችን ድግስ ኃላፊ ለሆኑት ለወይዘሮ ኣስገደት ደውለው፣ የሮም ተማሪዎቼ ይጻፉልኝ፣ መስከረም ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር እኔ ቤት ነው፣ ደብዳቤያቸው በሰው ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ባዕድ አገር ተወልደው ምን ዓይነት አማርኛ እንዳስጻፍኳቸው ይሰማ ብለው ነበር። ወይዘሮ ኣስገደትም እንደ ቤት ሥራ አከፋፈሉን። አብሮኝ የሚማረው ናቲ «ደህና ነኝ፤ እርስዎስ ደህና ነዎት?» ብሎ ጽፎ ተገላገለ። እኔ ግን ጥሩ ተማሪዎ ነኝ። አማርኛዬ ካማረ ምስጋናው የእርስዎ ነው። አማርኛው የሚያወራው ነገር ካላማረም እንደዚያው።

ምሥራቅ፣ ውሃ ጠጪና ቀጥዪ። እባክሽ አታቋርጪ። ካቋረጥሽ ማኅበርተኛው በራሱ የሚያስበው እኔ ከጻፍኩት የባሰ ይሆናል።

ማኅበርተኞቹ ስለ ጉላሽ ከእርስዎ ሳይሰሙ አልቀሩም። እኛ ሮም ያለነው ከጸሎተ ሃይማኖት ቀጥሎ በቃላችን የምንወጣው እሱን ነው። በደርግ ጊዜ የእርሻ መሣሪያ ሊማሩ ወደ ሃንጋሪ ሲላኩ፣ ቡዳፔስት በረዶ ሲጥል፣ እርስዎ በስስ ሸሚዝ ሲንቀጠቀጡ፣ የተማሪ ቤቱ ወጥ ቤት ሴትዮ አንድ ሳህን ጉላሽ ስታቀርብልዎ፣ «የዚያን ቀን ሰው ሆንኩ» ሲሉ። ሠርግ ላይ ይህን አውርተውናል። ክርስትና ላይ አውርተውናል። አንዴ ለቅሶ ቤት ንፍሮ ይዘው ሳሉ ጀምረውት ሟች ተረስተው ቀሩ። እንደ እርስዎ ትረካ የጉላሽ ታሪክ የሚጀምረው እርስዎ ቡዳፔስት የገቡ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ሃንጋሪዎች ምን ይበሉ እንደነበር እግዜር ይወቅ።

አንድ ነገር ግን አልክድዎትም። ጣሊያኖች በየምግብ ቤቱ ጉላሽ እያሉ የሚሸጡት ወፍራም ወጥ ጉላሽ አይደለም፣ ጉላሽ ሾርባ ነው ይሉ ነበር። በዚህ ልክ ነዎት። ሌላውንም ልክ የሆኑበትን ነገር ባገኘሁ ቁጥር እጽፋለሁ፤ ብዙ ቦታ አይወስድም።

እናቴን ማኅበርተኞቹ አያውቋትም። ሠናይት ትባላለች። እዚህ ሮም የማርያም ድግስ በመጣ ቁጥር ወጡን የምትሠራው እሷ ነበረች፤ ነበረች ያልኩት ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። በሥራ ቀን ሞንቴቬርዴ ሰፈር ሲኞራ ኢሎና የሚባሉ የሃንጋሪ አሮጊት ትጦራለች። ሲኞራ ልጅ ሳሉ ቡዳፔስት ታንክ ሲገባባት፣ የአባታቸውን እጅ ይዘው ድንበሩን በእግራቸው ያቋረጡ ሴት ናቸው። ቅዳሜ ጉላሽ ካልበሉ ሳምንቱ አልቋል ብለው አያምኑም።

የእሳቸው ጉላሽ እንዴት እንደሚሠራ ለማኅበርተኞቹ ልንገራቸው፤ እርስዎ አሳጥረው ሳይነግሯቸው አይቀሩም። መጀመሪያ ስብ ይቀልጣል። በስቡ ሽንኩርት ቀስ ብሎ ይቁላላል። ከዚያ ድስቱ ከእሳት ይወርድና ፓፕሪካው ይጨመራል፤ እሳት ላይ ሆኖ ከገባ አርሮ ይመራል። የበሬ ሥጋው፣ ከሙን የሚመስለው ፍሬ፣ ውሃው፣ ድንቹ፣ መጨረሻ ላይ በጣት እየተቆነጠረ የሚጣል ሊጥ። ሲያልቅ ላዩ ላይ ቀይ ዘይት የሚመስል ነገር ይንሳፈፋል። ያ ስብ ነው። የአሳማ ስብ ነው። ጣሊያኖች ስትሩቶ ይሉታል።

ምሥራቅ፣ ቀጥዪ።

እናቴ ይህን ሁሉ ትሠራለች እንጂ አንድ ቀን ቀምሳው አታውቅም። ለሲኞራ ድስት የተለየ ቢላ አላት፣ የተለየ ሽርጥም አላት፤ እዚያው ቤት ይሰቀላሉ፣ ወደ እኛ ቤት አይመጡም። ሾርባው ሲደርስ በማንኪያ ጠብታ ቀድታ ወደ ሲኞራ ወንበር ትሄዳለች። ሲኞራ የግራ ቅንድባቸውን ካነሱ ጨው አንሷል። ከንፈራቸውን ከሰበሰቡ በዝቷል። ዓይናቸውን ከጨፈኑ በቃ፣ ይወጣል። እናቴ ጉላሽን የምታውቀው በምላሷ አይደለም፣ በሴትዮዋ ፊት ላይ ነው። ይህን ነገር ልብ ይበሉልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሲኞራ ሃንጋሪ መሆናቸውን እርስዎ ከእናቴ ሲሰሙ፣ ሃንጋሪኛዬ ዝጎብኛል ልወልውለው ብለው ቅዳሜ ከረባት አስረው ሲኞራ ቤት መጡ። እኔ ጥግ ላይ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። ያንን ቀን እንደረሱት ስለማውቅ እንደተባለው እጽፈዋለሁ።

እናቴ በሩ ላይ አስቁማ በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ ይህ ድስት የሲኞራ ነው። ለእርስዎ ሽሮ አደርሳለሁ፣ ትንሽ ብቻ ይታገሡኝ» አለች።

«ሽሮ ለመብላት ከረባት አላሰርኩም።»

«በምን እንደሚሠራ ያውቃሉ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ሳትወለጂ ነው ጉላሽ የማውቀው። አቅርቢ።»

አቀረበች። ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ነው ያቀረበችው። እርስዎ ቀመሱ፣ ዓይንዎን ጨፈኑ፣ ከዚያ ለሲኞራ በሃንጋሪኛ አንድ ነገር ጠየቋቸው። መለሱልዎ። እርስዎም አንድ ነገር ጨመሩ፤ ሁለታችሁም እስኪያስላችሁ ሳቃችሁ። ሳህኑን በዳቦ ጠርገው እንደገና አስቀዱ። እኔና እናቴ ምን እንዳሳቃችሁ ሳናውቅ ፈገግ አልን፤ ትልቅ ሰው ሲስቅ ፈገግ ይባላል።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜዎቹ የእርስዎ ሆኑ። ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ሶፋው ላይ ያንቀላፋሉ። በአንዱ ቅዳሜ እርስዎ እያንኮራፉ ሳሉ ሲኞራን የጉላሽን ታሪክ ጠየቅኋቸው። ያመለጥዎትን አሁን ይስሙ፤ ያኔ ተኝተው ነበር።

ጉላሽ የእረኛ ምግብ ነው አሉ። በሃንጋሪ ሜዳ ላይ ቀንዳቸው ረጅም የሆነ ግራጫ ከብት የሚጠብቁ፣ በሦስት እንጨት ላይ ብረት ድስት አንጠልጥለው የሚበሉ ሰዎች ነበሩ። ሥጋውን ቀቅለው እንደ ቋንጣ ያደርቁትና በከረጢት ይይዙታል፤ መንገድ ላይ ውሃ ሲያገኙ ሾርባ ይሆናል። ከብቱን እየነዱ እስከ ቪየና፣ እስከዚህ እስከ ጣሊያን፣ እስከ ቬኒስ ይመጡ ነበር። «ወደ ጣሊያን በእግሩ የገባ ስደተኛ የሃንጋሪ በሬ ነው፤ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አምጣ ያለው ማንም የለም» አሉ ሲኞራ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «እንደ ደረሰ ይታረዳላ» አሉኝ። እኛ ሮማኒና ሰፈር የምንኖር ልጆች ፔርሜሶ በመጠበቅ ነው ያደግነው፤ ቀልዱ ገብቶኛል።

ፓፕሪካው እንኳ የራሳቸው አልነበረም። ከውቅያኖስ ማዶ ተነሥቶ በቱርኮች እጅ የገባ ነው፤ መጀመሪያ የያዘው ድሃው ነው፣ ጌቶቹ ኋላ ነው የለመዱት። የእኛም በርበሬ ከዚያው ከውቅያኖስ ማዶ የመጣ ነው አሉኝ። እርስዎ ግን በርበሬ ከንግሥተ ሳባ ጋር ከኢየሩሳሌም ተመለሰ ብለው አስተምረውን፣ እኔም ትምህርት ቤት ውስጥ እጄን አውጥቼ ተናግሬዋለሁ። ፕሮፌሶሬሳዋ፣ መምህራችን፣ እስካሁን ትስቃለች። ይህም ተመዝግቦልዎታል።

መኳንንቱ የእረኛውን ድስት ይንቁ ነበር። ኋላ የቪየናው ንጉሠ ነገሥት በጀርመንኛ ካልሆነ አትጻፉ፣ በጀርመንኛ ካልሆነ አትዳኙ ሲላቸው ተቆጡ፤ ተቆጥተውም ምን የኛ የሆነ ነገር አለን ብለው ቢፈልጉ የተገኘው ያው የናቁት ድስት ነበር። በብር ሳህን ቀድተው በሉት። ባንዲራ ሆነ። በእርስዎ ጊዜ ደግሞ የሃንጋሪ መንግሥት ለሕዝቡ፣ ዝም በሉ እንጂ ከድስታችሁ ሥጋ አይጠፋም አለ፤ ዓለም ይህን አገዛዝ ጉላሽ ኮሙኒዝም ብሎ ጠራው። «ያ ጓደኛችሁ የበላው የዝምታውን ጉላሽ ነው። ለዚህ ነው እንዲህ የተስማማው» አሉና ወደ ሶፋው ጠቆሙ። እርስዎ አንኮራፉ።

መጨረሻ ላይ የነገሩኝን ግን እስካሁን አስበዋለሁ። በሃንጋሪኛ ጉላሽ ማለት ከብት ጠባቂው ራሱ ነው። ምግቡ የራሱ ስም የለውም፤ የሚጠራው በሠራው ሰው ነው። ስንት መኳንንት፣ ስንት ሹም በላበት፤ ከእረኛው ስሙን የነጠቀው ግን የለም።

አሁን ወደ ሐምሌ እንምጣ፣ ጋሼ።

የሐዋርያት ጾም እንደተፈታ ቅዳሜውን መጡ፣ በሉ። በማግስቱ እሑድ ያንኑ ከረባት አስረው ቤተ ክርስቲያን መጡ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ እየተጠጣ ሳለ ወይዘሮ ኣስገደት ከረባትዎ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አዩ። ወይዘሮ ኣስገደት ነጠብጣብ አይተው ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠፉት ማን ቤት እየበሉ ነው?» አሉ፤ ሰው ሳቀ። ቀልድ ነበር። «ሠናይት የምትሠራበት ቤት ጉላሽ በላሁ» ቢሉ አብረን ስቀን ሻያችንን ጠጥተን በሄድን።

እርስዎ ግን ብድግ አሉ። ሠናይትን ልጎበኝ፣ እንዴት እንደምትሠራ ላይ ሄጄ ነው አሉ። በዓይኔ አየሁ አሉ። እናቴ በዚያ ሰዓት ለፍልሰታ ድግስ የሚያስፈልገውን ከሴቶቹ ጋር እየተነጋገረች ነበር፤ ሽርጧን እንደታጠቀች። ወደ እሷ ሳያዩ የተናገሩትን እነሆ፦

«የእሪያ ስብ የሚያቀልጥ እጅ የማርያምን ድግስ አይነካም።»

ጋሼ፣ ያንን ስብ ያቀለጠውን እጅ ያወቁት ከዚያ እጅ ስለበሉ ነው። እናቴ አንድ ቃል ቢወጣት በቂ ነበር። «ሳህኑን በዳቦ የጠረገውስ ማነው?» ማለት ብቻ። አላለችም። ሽርጧን ፈታች፣ በአራት አጠፈች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ እጄን ይዛ ወጣች። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር፤ በጣቷ መዳፌን ጨመቀችው። እስከ አናኛና በሜትሮ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄድን። ሮማኒና ስንወርድ ነው የተናገረችው።

«ትልቅ ሰው በአደባባይ አይዋረድም።»

«አንቺን አዋረዱሽ እኮ።»

«እኔ ትልቅ ሰው አይደለሁም» አለች።

ጋሼ፣ ልክ ያኔ ነው የወሰንኩት። ፊት ለፊት ብሳደብ ልጇ ባለጌ ናት ይባላል፣ ያውም በእሷ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ ጠበቅኩ። እርስዎ ደግሞ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ራስዎ በሰው ፊት የሚነበብ ደብዳቤ ጻፊልኝ አሉኝ።

የፍልሰታን ድግስ ሌሎች ሠሩት። ወጡ አረረ፤ እርስዎም ሁለት ጊዜ ጨምረው በልተው፣ በሳምንቱ አዲስ አበባ ገቡ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልተወችም፤ በር አጠገብ ትቆምና ስንብቱ እንደተባለ ትወጣለች። እሑድ ጠዋት ከመሄዷ በፊት እጇን በሎሚ ታሻለች። ሎሚው እስኪደርቅ ታሻለች። ምን ያደርግልሻል ስላት ለሽታው ነው ትላለች። ምንም አይሸትም፣ ጋሼ። እጇ ላይ ቁስል ነው ያለው።

ባለፈው ቅዳሜ ሲኞራን ጠየቅኋቸው። ያ ጓደኛችን የመጀመሪያ ቀን በሃንጋሪኛ ምን ብሎ ነበር እንደዚያ የተሳሳቃችሁት? እሳቸው ምን እንደተፈጠረ አያውቁም፤ እናቴ አልነገረቻቸውም። አስታውሰው ገና ሳይነግሩኝ ሳቁ። መጀመሪያ እርስዎ «የአሳማ ስብ ነው፣ አይደል?» ብለው ጠየቋቸው። «ታዲያ በምን ሊሆን ነው?» አሉዎት። እርስዎም ምን ጨመሩ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን። በዘይት የተሠራ ጉላሽ የበሽተኛ ሾርባ ነው፤ አንድ ነገር ይጎድለዋል።»

በሃንጋሪኛ ያወሩት እኛ አንሰማም ብለው ነው። ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሲኞራም አፍ እንዳላቸው መርሳት አልነበረበትም። በነገራችን ላይ ሃንጋሪኛዎ የትራክተር መመሪያ ይመስላል ብለዋል። ትምህርትዎን ስለሚያስታውሳቸው ይወዱታል።

አሁን «ልጅ ናት፣ ዋሸች» እያሉ ነው። ማኅበርተኛውም የልጅ ወሬ ነው እያለ ይሆናል። ቫ ቤኔ፣ ይሁን። አትመኑኝ። ለዚህ ነው ከደብዳቤው ጋር ሌላ ነገር የላክሁት።

ምሥራቅ፣ ከሮም የመጣው ጎረቤታችን ጌጡ ደብዳቤውን ሲሰጥሽ አብሮ በፎጣ የተጠቀለለ ብልቃጥ ሰጥቶሻል፣ በረዶ ሳይፈታ ማቀዝቀዣ አግቢው ብዬ መልእክት የላክሁብሽ። ጉላሽ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት፣ በእኛ ቤት ድስት፣ ሥጋው ከሐበሻ ሥጋ ቤት፣ በስመ አብ ተብሎ የታረደ። ስብ የለበትም። በዘይት ነው። ይህን በእናቴ ስም እምላለሁ፤ ማንም ሰው ያለ ሥጋት ሊበላው ይችላል። ቀኑም እሑድ ነው፣ የግሸን ማርያም ነው፣ ጾም ነው ማለት አይቻልም፤ ካሌንደር አይቼ ነው የላክሁት። አሙቂው። መጀመሪያ ለጋሼ አንድ ማንኪያ ስጪያቸው። እስኪውጡ ድረስ ቀጣዩን አታንብቢ።

የተከበራችሁ ማኅበርተኞች፣ ጋሼን ትታችሁ አንዴ እኔን ስሙኝ። እናቴ ጉላሽን በሰው ፊት ላይ ነው የምታውቀው ብያችሁ ነበር። ዛሬ እናንተም በፊታቸው እወቁ። ጉላሽን በዘይት ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲቀምስ ይጣፍጣል ይላል፤ ይጣፍጣልም፣ ናቲን አቅምሼው ምስክር ነው። ሌላውን የሚያውቅ ሰው ግን ግንባሩን ይቋጥራል፣ ምላሱን ያጣጥማል፣ ከዚያ ሊያርም ይጀምራል። ጋሼን አውቃቸዋለሁ። የሰው ምግብ ሳያርሙ ውጠው አያውቁም። ነፍሳቸውን ለማዳን እንኳ ቢሆን ዝም ማለት አይችሉም።

ጋሼ፣ ዋጡት?

ምን አሉ?

አንድ ነገር ጎድሎታል ካሉ ልክ ነዎት። ልክ የሆኑበትን እጽፋለሁ ብዬ ነበር፣ ይኸው ሁለተኛው። ምን እንደጎደለው ማኅበርተኛው ይጠይቅዎት፤ የት ቀምሰው እንዳወቁትም ይጨምርበት። ዝም ብለው ከሆነም ሁሉም ሰው ፊትዎን አይቷል።

እዚህ ደግሞ ኅዳር ጽዮን እየመጣች ነው። ከቪያ ኩርታቶኔ ሕንፃ ነሐሴ ላይ ፖሊስ ያስወጣቸው ስደተኞች፣ ትንንሽ ልጆችም አሏቸው፣ ዘንድሮ ከእኛ ጋር ነው የሚበሉት። የጽዮን ድግስ የጾም ነው፤ ምስርና ክክ። ሥጋ እንኳ የሌለበትን ድስት እንዳትነካ ነው እናቴን የከለከሏት። ወይዘሮ ኣስገደት፣ ክልከላውን ጋሼ ራሳቸው ካላነሡት እኔ አላነሣም ብለዋል። ስልካቸውን ያውቁታል። ደውለው፣ በልቻለሁ፣ እያወቅሁ በልቻለሁ፣ ሠናይት ነግራኝ ነበር ማለት ነው፤ አማርኛው ቀላል ነው፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይጽፈዋል። እኔ ይቅርታ አልጠየቅሁዎትም፣ እንዲጠይቁኝም አልፈልግም። ሽርጡን ከጠረጴዛው አንሥተው አዳራሹ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅለውታል፤ አሁንም እዚያው አለ። ማንም አልታጠቀውም።

ከዚህ ብልቃጥ አንድ ነገር ጎድሏል፤ ከእኛ ወጥ ቤትም አንድ ሰው ጎድሏል። ሁለቱንም የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ሰው ተሰብስቦልዎታል፣ ይንገሯቸው።

ያስተማሩኝን አልረሳም፤
የሠናይት ልጅ አርሴማ